ከሁለት ያጣ ዜማ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት በተነገረበት ዘመን የሚያደናግረው ያዡን ብቻ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ከበሮው ብቻውን መምጣቱን ትቶ፣ የኤሌክትሪክ ጊታሩን በቀኝ፣ ቫዮሊኑንና ክራሩን በግራ አሰልፎ፣ ድምፅ ማጉያውን በፊት በፊት እያስነዳ፣ ከኋላው ደግሞ አንድ ጭፍራ የሚያህል አወዳሽ አስከትሎ ስለሚመጣ፣ ያዡንም ሰሚውንም እኩል ያደናግራል። በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎች ላመለክት ያሰብኩት ጕዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም ሮክ የተባለውን ሙዚቃ ከጥንታዊ ሙዚቃ ጋር አዋሕደናል እያሉ ስለሚነሡት ባንዶች፣ ይልቁንም ከሥራቸው ቀድሞ ስለሚደርሰው ውዳሴያቸው ነው።

አስቀድሞ ስለ ራሴ ጥቂት ቃል መናገር ይገባኛል። እኔ የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በመንግሥት ሥራ የገባሁ፣ ደብዳቤ በመጻፍና መዝገብ በማገላበጥ ዕድሜዬን ወደ አርባ እያስጠጋሁ ያለሁ የቦንጋ ነዋሪ ነኝ። «ሊቅ ካልሆንክ ስለ ሙዚቃ ምን አገባህ?» የሚለኝ ቢኖር ግን መልስ አላጣም። ወጥ ጨው እንደ በዛበት ለማወቅ ባለሙያ ወጥ ሠሪ መሆን አያሻም፤ መቅመስ ብቻ ይበቃል። ሙዚቃም የሚሠራው ለሊቃውንት ብቻ ሳይሆን ጆሮ ላለው ሁሉ ነው። ከዚህም በቀር በዚህ ጕዳይ ዝም እንዳልል የሚያስገድደኝ አንድ የራሴ ጥፋት አለ፤ እርሱንም በቦታው እናገራለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር የሚቀላቀሉት ሁለቱ ወገኖች ምንና ምን እንደ ሆኑ መለየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ጥንታዊ ወይም ክላሲካል የሚባለው ሙዚቃ በጽሕፈት የሚቀመጥ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ድርሻ እየጠበቀ ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት፣ ለመማርም ለመስማትም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። እኛም የዚህ ዓይነት ሀብት የለንም የሚል ካለ ተሳስቷል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት ሦስት ዜማዎች የተደለደለው፣ በምልክት የሚጻፈው፣ ደብተራው ከልጅነቱ ጀምሮ ብዙ ዓመት የሚደክምለት የቅዱስ ያሬድ ዜማ፤ ዐሥር አውታር ያለው በገና፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ የሚሄደው የክራርና የመሰንቆ ጨዋታ፤ በየአገሩም አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው የሽማግሎች ዜማ፣ ይህ ሁሉ የእኛ ጥንታዊ ሙዚቃ ነው። አውሮፓውያን ሲምፎኒያቸውን በሚያከብሩበት ክብር ልናከብረው ይገባናል።

ሮክ ደግሞ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከጥቁሮች ብሉዝና ከሌሎች የሕዝብ ዘፈኖች የተወለደ ነው። ኀይሉ በአጭር ቃል፣ በጠንካራ ምትና በኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ እለምናለሁ፤ እኔ ሮክን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የተበደለ ወጣት ቁጣውን ሲያወጣ መጮኹ ተገቢ ነው፤ ሮክም በሚገባው ቦታ ሲጮኽ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ያውቃል። የእኔ ጠብ ከሮክ ጋርም ከጥንታዊው ሙዚቃ ጋርም አይደለም። ጠቤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም ከሚያሳንስ፣ ያሳነሰውንም «ዕድገት» ብሎ ከሚጠራ ልማድ ጋር ነው።

ይህ ልማድ በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። ሙዲ ብሉዝ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ከኦርኬስትራ ጋር የተሠራ አንድ አልበም አወጣ። ብዙ ሰው አደነቀው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ለሚያዳምጠው፣ ኦርኬስትራው በአብዛኛው የሚጫወተው በዘፈኖቹ መካከል መሸጋገሪያ እየሆነ ነው። ይኸውም ባለቤቶቹ በእልፍኝ ሲጫወቱ እንግዳውን በበረንዳ ማስቀመጥ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1969፣ ዲፕ ፐርፕል የተባለው ባንድ በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ተሰለፈ። ድርሰቱ የባንዱ የኦርጋን ተጫዋች የጆን ሎርድ ሲሆን፣ ኦርኬስትራውን የመራው ማልኮም አርኖልድ ነበር። ሎርድ በእውነት የደከመ ሰው ነው፤ ድካሙንም አልክድም። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ለጆሮዬ የተሰማኝ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን ሲጠብቅ፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳይመልስለት የራሱን ሲናገር ነው። ተራ ጠብቆ መናገር የሸንጎ ጨዋነት እንጂ ውሕደት አይባልም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ብሰው ተገኙ። ኤመርሰን፣ ሌክና ፓልመር የተባሉት ሦስት እንግሊዛውያን፣ ሩሲያዊው ሙሶርግስኪ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፒያኖ የደረሰውን የሥዕል ኤግዚቢሽን ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1971 በኤሌክትሪክ መሣሪያ አስጩኸው አወጡት። ኤሌክትሪክ ላይት ኦርኬስትራ የተባለው የበርሚንግሃም ባንድ እ.ኤ.አ. በ1973 የቹክ ቤሪን የቆየ ዘፈን ሲጫወት የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ከፊት ለጠፈበት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቤትሆቨን እነዚያን አራት ኖታዎች የጻፋቸው የአንድ ትልቅ ሕንጻ መሠረት አድርጎ ነው፤ ከእነርሱ ብቻ ተነሥቶ ረጅም ክፍል አቁሞባቸዋል። እዚህ ግን መሠረቱ ተነቅሎ የበር ጌጥ ሆኗል። ሰሚው «ይህንን ዐውቀዋለሁ» ብሎ ይደሰታል፤ ዕውቀቱ ግን በዚያው ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ አንድ ታሪክ አለ። እነዚያው ሦስቱ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1977 ሰባ ሰው ያህል ያለበት ኦርኬስትራ ይዘው በአሜሪካ ለጉዞ ተነሡ። ወጪው ስለ ከበዳቸው ከጥቂት ዝግጅት በኋላ ኦርኬስትራውን አሰናብተው ጉዞውን ሦስት ሆነው ቀጠሉ። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ለራሴ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። ሰባ ሰው ከመድረክ ወርዶ ዝግጅቱ የሚቀጥል ከሆነ፣ ቀድሞውንም ሰባው ሰው ምን ይሠራ ነበር? ከአንድ ቤት ምሰሶ ቢነቀል ቤቱ ይወድቃል፤ መጋረጃ ቢወርድ ግን ቤቱ ቆሞ ይቀራል። እንግዲያስ ያ ኦርኬስትራ መጋረጃ እንጂ ምሰሶ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ፍርድ ለማቅለል እኛ በቦንጋ የምንኖር ሰዎች በእጃችን ያለ ሚዛን አለን፤ እርሱም ቡና ነው። በቡና ላይ ጤና አዳም የሚጥል አለ፤ ዝንጅብል የሚጨምር አለ፤ በገጠር ቅቤና ጨው የሚያደርግበትም አለ። ይህ ሁሉ ቅልቅል ነው፤ ማንም ግን አይነቅፈውም፤ ምክንያቱም ጤና አዳሙ ገብቶ የቡናው ጣዕም ይበልጥ ይታወቃል። ሌላ ዓይነት ቅልቅልም አለ። አንዳንድ ነጋዴ ገብስ ቆልቶና ፈጭቶ ከተፈጨ ቡና ጋር ይደባልቃል። ይህም ቅልቅል ነው፤ ቀለሙም ይመሳሰላል፤ መስፈሪያውንም ይሞላል። ነገር ግን ጠጪው ቡናም አልጠጣም፣ የገብስ ሻይም አልጠጣም። እንግዲህ ቅልቅል ሁሉ አንድ አይደለም። ጣዕም ለማውጣት የሚደረግ አለ፤ መስፈሪያ ለመሙላት የሚደረግ አለ። በሙዚቃም ነገር የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ የተጨመረው ነገር ጤና አዳም ነው ወይስ ገብስ?

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ጃኖ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የሚል አልበም ሲያወጣ የተሰማው ወሬ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች አሉት ተባለ፤ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጀው ተባለ፤ የኢትዮጵያ ቅኝት ከሮክ ጋር ተጋብቶ ወደ ዓለም ሊወጣ ነው ተባለ። በዚያን ጊዜ እኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። አንደኛው ጓደኛዬ በደስታ ዘለለ። እኔ ግን ሳላውቀው እጄን በጆሮዬ ላይ አድርጌ ኖሮ፣ ያ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ «ሽማግሌው» እያለ ይቀልድብኛል።

ለባንዱ ፍትሕ ልስጥ። ድምፃውያኑ ድምፅ የላቸውም የሚል ሰው ጆሮ የለውም። መሣሪያውንም የሚጫወቱት ሰዎች የሠለጠኑ ናቸው። ለልምምድ መድከም፣ በካሴትና በኮምፒዩተር ድምፅ ሳይሸሸጉ በመሣሪያ ፊት ለፊት መጫወት የሚመሰገን ነው፤ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራው ዘፈን በበዛበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የምነቅፈው ሰዎቹን ሳይሆን ሥራው የቆመበትን አሳብና ስለ አሳቡ የተነዛውን ወሬ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ጃኖ ማለት ቀይ ጥለት ያለበት የክብር ልብስ ነው። ጃኖን ጃኖ የሚያሰኘው ግን ጥለቱ ከሸማው ጋር አብሮ በመሸመኑ ነው። ከነጭ ሸማ ዳር ላይ ቀይ ጨርቅ በመርፌ ቢጠቀም ከሩቅ ጃኖ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ግን ይለያያል። በዚያ አልበም የሰማሁት አብዛኛው ነገር የተጠቀመ እንጂ የተሸመነ አልመሰለኝም። ቅኝቱ የእኛ ነው፤ ጊታሩ የእነርሱ ነው፤ መካከሉ ላይ ያለውን ስፌት ግን ጆሮ ይዳስሰዋል።

ለምን እንዲህ እንደ ተሰማኝ ምክንያቱን ልዘርዝር፤ ምክንያት የሌለው ነቀፋ ሐሜት ነውና። አንደኛው ምክንያት ምት ነው። የሮክ ምት በአራት ተቆጥሮ ሁለተኛውንና አራተኛውን አጥብቆ ይመታል። ችክችካ የምንለው የእኛ ምት ግን በሦስትና በስድስት የሚሄድ፣ ትከሻን የሚያነሣና የሚጥል ነው። ስድስቱን ወደ አራቱ በግድ ሲያስገቡት እስክስታው ይሰበራል፤ ሰውም ትከሻውን ትቶ ራሱን መነቅነቅ ይጀምራል። ሁለተኛው ምክንያት ቅኝት ነው። መሰንቆ ተጫዋች ጣቱን በአንድ ጭራ ላይ እያንሸራተተ በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን ድምፅ ያገኘዋል፤ ባለ ክራሩም አውታሩን በጆሮው እየሰማ ያጠብቃል። የኪቦርድና የጊታር ድምፅ ግን አስቀድሞ በእኩል የተከፋፈለ ስለ ሆነ፣ በመካከል ያለው ጣዕም መግቢያ ያጣል። ሦስተኛው ምክንያት ጩኸት ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ሆን ተብሎ ድምፁ ሲሻክር ዙሪያውን ሁሉ ይሞላዋል፤ የእኛ ዘፋኝ ግን ውበቱ ያለው ድምፁን በጕሮሮው ውስጥ በሚያርገበግብበት በዚያ በቀጭኑ ቦታ ነው። ቦታው ከተሞላ እርግብግቢቱ ወዴት ትግባ? ኤርታሌ ራሱ በአፋር በረሓ እሳቱን በሆዱ ይዞ ለብዙ ዓመት የኖረ ተራራ ነው፤ የሚያስፈራውም ስለሚጮኽ ሳይሆን ስለሚነድ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ መቀላቀል ፈጽሞ አይቻልም ልትል ነው?» ሳይለኝ አይቀርም። አልልም። እንዲያውም ያገራችን የሙዚቃ ታሪክ የመልካም ቅልቅል ታሪክ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነፋስ መሣሪያ ይዘው ሲመጡ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከእርሱ በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለት በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የኢትዮጵያን ዜማ በአውሮፓ ሥርዐት ለብዙ መሣሪያ እያደላደለ ጻፈ። ነርሲስ የውጭ ተወላጅ ሲሆን የእኛን ቅኝት ለማወቅ ጆሮውን አስቀድሞ ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጁን የሰነዘረው።

አሸናፊ ከበደንም እንመልከት። የያሬድን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የመራው እርሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰት ለኦርኬስትራ ሲደርስ ዋሽንቱን የኦርኬስትራው ጌጥ አላደረገውም። ኦርኬስትራው ራሱ እረኛው የቆመበት ሜዳ እንዲሆን አደረገ እንጂ። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄም በለንደንና በቦስተን ተምሮ ሲመለስ፣ በአምስት ድምፅ የሚሄደውን ቅኝታችንን በጃዝ ኅብረ ድምፅ ውስጥ ሲያስቀምጠው ቅኝቱ እንዳይሰበር የተጨነቀ ሰው ነው። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ አልተንጫጫለትም፤ ዓለም በሰፊው ያወቀው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ በልጅነታቸው በስዊስ አገር፣ ኋላም በካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረው፣ መንኵሰው በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ አንድ ፒያኖ ብቻ ይዘው የእኛን ቅኝትና የእነርሱን መሣሪያ የት እንደሚጋጠም እንኳ እስከማይታወቅ ድረስ አዋሐዱት። ብዙው ዓለም የሰማቸው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በድጋሚ ሲታተም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ባንድ የለም፤ ጭስና መብራት የለም፤ አዋጅ ነጋሪም የለም። ሥራው ቀደመ፤ ውዳሴው ተከተለ። በዛሬዎቹ ግን ውዳሴው ይቀድማል፤ ሥራውም እየሮጠ ይከተለዋል፤ ብዙ ጊዜም አይደርስበትም።

አሁን በመግቢያዬ ላይ ወዳልኩት ወደ ራሴ ጥፋት ደረስኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአካባቢያችን ለአንድ በዓል ዝግጅት የተቋቋመ ኮሚቴ ነበር፤ እኔም በጸሐፊነት ተመርጬ ነበርኩ። በስብሰባው ላይ «የአባቶች ዜማ ለወጣቱ አሰልቺ ስለ ሆነ ከዘመናዊ ባንድ ጋር ተዋሕዶ ደረጃውን ይጠብቅ» የሚል አሳብ ቀረበ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ በልቤ ተጠራጥሬ ነበር፤ ነገር ግን የሥራ ባልደረቦቼ «ኋላ ቀር» እንዳይሉኝ ፈርቼ ቃለ ጉባኤውን በጥሩ ጽሕፈት ገልብጬ ፈረምኩበት። ባንዱ ከሩቅ አገር በብዙ ገንዘብ መጣ። ከገጠር ደግሞ ሽማግሎችና አሮጊቶች በእግራቸው መጡ።

የዚያን ዕለት እንደ ልማዱ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሽማግሎቹ ከመድረኩ በስተኋላ በአንድ ሸራ ሥር ተጠጋግተው ተራቸውን ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ አንደኛው አባት ድምፃቸውን አንሥተው በካፊ ኖኖ ዜማውን አወጡ፤ ሌሎቹም ሊቀበሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የባንዱ ከበሮ መታ። ከዚያ በኋላ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታየን እንጂ ድምፃቸውን የሰማ የለም። ሽማግሌው ምቱን ለመከተል ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ተዉት፤ እጃቸውን አጣምረው ዝግጅቱ እስኪያበቃ ቆሙ። ሕዝቡ በባንዱ ጩኸት ደስ ብሎት አጨበጨበ። ኋላ ልሸኛቸው ስሄድ፣ ምንም ቅሬታ ሳያሰሙ፣ የጠራናቸው እንዲዘፍኑ ነው ወይስ እንዲታዩ እንደ ሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ውሎ አበላቸውንም የከፈልኳቸው እኔው ነበርኩ፤ ከባንዱ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ለመናገር የሚያሳፍር ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያልመለስኩትን መልስ ለመመለስ ነው።

ለዚያ ቅልቅል የተሰጠው ስም «ውሕደት» ነበር። በእውነተኛ ስሙ ቢጠራ ግን መዋጥ ይባላል። የኤመርሰን ባንድ ኦርኬስትራውን ባሰናበተ ጊዜ ለንደን ኦርኬስትራ አላጣችም፤ የቤትሆቨንም ድርሰት በመጽሐፍ ተጽፎ በሺህ ቤት ተቀምጧል። አንድ የሮክ ባንድ ቢያበላሸው ነገ ሌላው አስተካክሎ ይጫወተዋል። የእነዚያ አባት ዜማ ግን የተጻፈው በእርሳቸው ደረት ውስጥ ብቻ ነው። እርሳቸው እጃቸውን አጣምረው ሲቆሙ መጽሐፉ ተከደነ ማለት ነው። የአውሮፓው ቅልቅል የጣዕም ጕዳይ ነው፤ የእኛ ግን የመኖርና ያለመኖር ጕዳይ ነው። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የተባለውም ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ተቃዋሚዎቼ የሚያቀርቡትን ክርክር ደግሞ ሳልመልስ አላልፍም። አንዳንዶቹ «ወጣቱ የሚወደው ይህንን ነው» ይላሉ። ወጣቱ የሚወደው የሰማውን ነው፤ ያላሰማነውን እንዴት ሊወድ ይችላል? የሽማግሌውን ዜማ ንጹሑን አስቀድሞ አሰምተነው ኖሮ ቢጠላው፣ ያን ጊዜ ክርክሩ ይረታኝ ነበር። ሌሎቹ «ባህል ካልተለወጠ ይሞታል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕፃን አድጎ ሽማግሌ ቢሆን ተለወጠ ይባላል፤ በሕፃኑ ቦታ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ግን ተተካ እንጂ ተለወጠ አይባልም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ክርክር በአንድ መምህር ወዳጄ የቀረበልኝ ነው። «ቡና ራሱ ከካፋ ደን ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን ዞረ፤ ጣሊያን በእንፋሎት አፈላው፤ ፈረንሳይ ወተት ጨመረበት፤ ማንም ካፋን በደሉ አላለም። ዜማውስ ለምን አይዞርም?» አለኝ። ይህ ክርክር ሌሊቱን በሙሉ አላስተኛኝም ነበር። ጧት ግን መልሱን ከበሬ ላይ ቆሜ ከፊቴ ከተዘረጋው ደን አገኘሁት። ዓለም ቡናን በሺህ ዓይነት ቢያፈላውም፣ የእናቱ ዘር በካፋ ደን ውስጥ ሳይነካ መኖር አለበት ብሎ ስለሚያምን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበው። በሽታ የሚቋቋም፣ ድርቅ የሚችል ዘር ነገ የሚፈለገው ከዚሁ ከዱር ቡና ነውና። ጣሊያንን ያልከለከልነው የእናቱ ዛፍ ስላለችን ነው። እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፣ ዜማውም ይዙር፤ እኔ አልከለክልም። ነገር ግን የእናቲቱን ዛፍ ቆርጦ ስኒ ማብዛት ምን ይሉታል?

ነቅፎ ብቻ መተው የሥራ ሰው ጠባይ አይደለምና የሚከተለውን አሳብ ለባለ ሥልጣኖች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ ማንኛውም ባንድ የአንድን አገር ዜማ ከመቀላቀሉ በፊት ያ ዜማ ብቻውን፣ ባለቤቶቹ እንደሚያዜሙት፣ በንጹሕ ድምፅ ይቀረጽ፤ የአዜሙት ሰዎች ስምና ቀበሌ፣ የዜማው ቃልና ትርጓሜ ከቅጂው ጋር ይጻፍ። ዛሬ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየተማሪው ኪስ ውስጥ አለ፤ የጠፋው አሳቡ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በበዓል ቀን ለሽማግሎች የራሳቸው ሰዓት ይሰጣቸው፤ ባንዱም ከፈለገ ከእነርሱ በኋላ ይጫወት፤ ክፍያውም ዜማውን ለሰጠው ሰው አስቀድሞ ይሁን። ሦስተኛ፣ መምህራን በሙዚቃና በቋንቋ ትምህርት ጊዜ ሽማግሎችን ወደ ክፍል ይጥሩ፤ ልጅ በአባቱ ፊት ተቀምጦ የሰማውን ዜማ በኋላ በጊታር ቢጫወተው እንኳ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚጐድል ያውቃል።

ለወጣት ሙዚቀኞች ደግሞ አንዲት የወንድምነት ምክር አለችኝ። ሁለት ሙዚቃ ለመቀላቀል ስትነሡ፣ ሥራውን ለሕዝብ ከማውጣታችሁ በፊት አንዱን ወገን አውጥታችሁ ሌላውን ብቻ ስሙት። ምንም ካልጐደለ ያወጣችሁት ወገን መጋረጃ ነበር፤ ተዉት፤ በመጋረጃ ሰው አታታሉ። ሁሉም ከፈረሰ ግን በእውነት ሸምናችኋል፤ ያን ጊዜ ማንም ባያወድሳችሁ እንኳ አትዘኑ፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚሰማችሁ ይመጣል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባላልና፣ ከሁለቱ አንዱን ዛፍ አስቀድማችሁ እስከ ጫፉ ውጡት፤ ሌላውን ከዚያ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

እኔ በበኩሌ ያን ቃለ ጉባኤ ዳግመኛ አልፈርምም። ባለፈው ወር ወደ እነዚያ አባት መንደር በእግሬ ሄጄ ነበር። ቡና ተፈላልኝ፤ ጤና አዳምም ተጣለበት። ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ይቅርታዬን ተቀብለው፣ ያን ዕለት ያልሰማነውን ዜማ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዜሙልኝ። ከደጅ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ሌላ ከበሮ አላስፈለገም።